ቼሎው ከፊት፣ ሰውዬው ከኋላ

ደሴ ስናድግ ቤታችን ውስጥ የነበረው የሙዚቃ መሣሪያ ሬዲዮ ብቻ ነው፤ እሱንም ከአባቴ በቀር ማንም አይነካውም። ቼሎ የሚባል፣ ቁጭ ብለው በጉልበት መሃል ይዘው የሚጫወቱት ትልቅ የቫዮሊን ዘመድ መኖሩን ያወቅሁት አሜሪካ ከገባሁ በኋላ ነው። ቢሆንም ዛሬ ስለ አንድ ሊቱዌኒያዊ ቼሎ ተጫዋች የሕይወት ታሪክ የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ፣ ከተወለደበት ጠዋት ጀምሬ ሳልደናቀፍ እዘረዝርለታለሁ። ያስተማሩኝ አክስቱ ናቸው።

አክስቱን እማማ ነው የምላቸው። ሚኒሶታ፣ ፕሊማውዝ ከተማ፣ አዛውንቶች ብቻ በሚኖሩበት አፓርትመንት ውስጥ ለብቻቸው ይኖሩ ነበር። እኔ ጠዋት ጠዋት ከምንኖርበት ከኒው ሆፕ ድራይቭ አድርጌ እሄዳለሁ፤ ገላቸውን አጥባለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ምግብ እሠራለሁ፣ ዊልቸራቸውን እገፋለሁ። እሳቸው ደግሞ ያወራሉ። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ለሌላ ሰው አይገባም። የእሳቸው ወደ ሊቱዌኒያ ያዘነብላል፣ የእኔ ወደ ወሎ። እርስ በርሳችን ግን አንዲት ቃል አታመልጠንም ነበር። "እማማ" ማለት ትልቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራበት ነው ብዬ ያስረዳኋቸው ጊዜ፣ "እንግዲያው ጮክ ብለሽ ጥሪኝ፤ ጎረቤት ይስማ" አሉኝ።

ልጅ የላቸውም። ያላቸው በዓለም ዙሪያ ስሙ የታወቀ አንድ የወንድም ልጅ ነው። የእሱን ታሪክ በየቀኑ ይነግሩኛል፤ ታሪኩም በእኔ የሥራ ቅደም ተከተል የተከፋፈለ ነበር። የደም ግፊታቸውን ስለካ ይወለዳል። እግራቸው እንዳያብጥ የሚለብሱትን ያንን ጠባብ ካልሲ ለማጥለቅ ስንታገል፣ እሱ በልጅነቱ ከራሱ የሚበልጥ ቼሎ ታቅፎ ይታገላል። አጃው ሲፈላ ውድድር ያሸንፋል። ፀጉራቸውን ሳበጥር ከአገር ይወጣል፤ ፓሪስ፣ ቶኪዮ፣ ቦነስ አይረስ፣ የሄደበት ሁሉ አዳራሹ ቆሞ ያጨበጭብለታል። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ሳቀብላቸው ግን ታሪኩ ቀጥ ይላል።

"ከዚያስ?" እላለሁ እንደማያውቅ ሰው።

"ከዚያማ ዱላ አነሳ።"

ዱላ የሚሉት የኦርኬስትራ መሪ የሚይዛትን ቀጭን ዘንግ ነው። ሰውዬው በቼሎ ከታወቀ በኋላ የኦርኬስትራ መሪ፣ በእንግሊዝኛው ኮንዳክተር፣ ሆኖ ነበር። ሌላው ዓለም ይህንን እንደ ትልቅ ሹመት ነው የሚያየው። ለእማማ ግን ቅጣት ነው።

"አንድ ነገር አጥፍቶ ይሆናል እንጂ" ይላሉ፣ "ቼሎውን ቀምተው ጀርባውን ለሕዝብ ሰጥቶ እንዲቆም ለምን ይፈርዱበታል? እኛ ትምህርት ቤት ፊቱን አዙሮ የሚቆመው የረበሸ ልጅ ነበር።"

እኔም የሰማሁትን ቤት ይዤ እገባለሁ። ባለቤቴ በሚኒቫኑ የኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል። ራት ላይ "የእናንተ ሰውዬ ዛሬ የት ደረሰ?" ይለኛል። አንድ ቀን "ቼሎውን ትቶ ኮንዳክተር ሆኗል አሉ" ስለው ራሱን ነቀነቀ።

"አይ፣ ምን ያድርግ" አለ። "ሥራ ሥራ ነው። ቢያንስ ኢንሹራንስ አለው።"

ባለቤቴ ኮንዳክተር ሲባል የገባው ባቡር ላይ እየዞረ ቲኬት የሚቆጣጠር ሠራተኛ ነው። ይህንን ያወቅሁት ግን በጣም ዘግይቼ ነው። እስከዚያው ስደተኛ በሚበዛበት ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ለሚያገኛቸው ጓደኞቹ ሁሉ፣ ቶኪዮ ድረስ የተጨበጨበለት ሙዚቀኛ አሁን ባቡር ላይ ቲኬት ሲያይ ይውላል እያለ ይነግራቸው ነበር። እነሱም ያዝናሉ። አንዱማ እዚህ አገር ሳይመጣ በፊት መሐንዲስ ስለነበር ከልቡ አዘነለት።

ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሁሉ በረዶ በሆነበት ሰሞን እማማ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ "ሊመጣ ነው!" ብለው ጮኹ። እዚሁ አጠገባችን ሴንት ፖል ከተማ ካለ ኦርኬስትራ ጋር ሊሠራ ነው። እሑድ ኮንሰርት አለው፤ ዓርብ ምሳ እሳቸው ጋ ይበላል። ደስታቸው ግን ብዙም አልቆየ። ቼሎው አውሮፕላን ውስጥ የራሱ ወንበር እንደሚገዛለት በዚያው ስልክ ሰምተው ኖሯል።

"ለእንጨት ትኬት ይቆርጣል" አሉኝ ስልኩን እየወረወሩ። "እኔን አንድ ቀን የትም ይዞኝ ሄዷል?"

እርግጥ ነው፣ አውሮፕላን አልሳፈርም ያሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እኔ ስልኩን ከወለሉ ላይ አነሳሁ።

ለምሳው የአገራቸውን ምግብ እንድሠራ ታዘዝኩ። ጥሬ ድንች ተፈቅፍቆ፣ ውኃው ተጨምቆ፣ በሥጋ ተሞልቶ ይድቦለቦልና ይቀቀላል፤ አንዱ ድብልብል የሕፃን ጫማ ያህላል። ሥጋው በደንቡ የአሳማ ነው። "እማማ፣ እሱን እንኳ እጄ አይነካም" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "የበሬ ይሁን፤ እሱ እንደሆነ ሲበላ የሚያስበው ስለ ሙዚቃ ነው" አሉ። ባለቤቴ ሐላል ሥጋ ከሴዳር ሪቨርሳይድ አመጣልኝ። ድንቹን ስፈቀፍቅ እማማ ዊልቸራቸው ላይ ሆነው በእንጨት ማንኪያ ይመሩኝ ነበር። ማንኪያው ከፍ ሲል ፈጠን፣ ዝቅ ሲል ቀስ። ተሳስቼ ባቆም ማንኪያው አየር ላይ ደርቆ ይጠብቀኛል። ዱላ እጠላለሁ የሚሉ ሴትዮ!

ታክሲ ስለማያምኑ እንግዳውን ከሆቴሉ የሚያመጣው ባለቤቴ እንዲሆን ወሰኑ። ዓርብ ረፋዱ ላይ ስልኬ ጮኸ።

"ስሚ፣ ሁለት ናቸው" አለኝ ባለቤቴ።

"ማንና ማን?"

"ሰውዬውና አንድ ነጭ ሳጥን። ሳጥኑ የሰው ቁመት አለው።"

"እሱ ቼሎው ነዋ። ከኋላ አስተኛው።"

"አይተኛም ይላል። የግድ ቁጭ ማለት አለበት። ኋላ ደግሞ የልጆቻችን ማሰሪያ ወንበር፣ ካርሲቱ፣ አለ።"

"ታዲያ ምን አደረግህ?"

"ሳጥኑን ፊት አስቀመጥኩትና ቀበቶ አሰርኩለት። ሰውዬው ኋላ በሁለቱ ካርሲት መሃል ገብቷል፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሷል። እንዳይበርደው ሂተሩን ከፍ አድርግ አለኝ። እሺ ብዬ ወደ ኋላ ብለቅለት፣ 'ለእኔ አይደለም፣ ለእሱ ነው' ብሎ ወደ ፊት አዞረው።"

መንገድ ላይ ያወሩትን ከሁለቱም አፍ ሰምቻለሁ፤ የሁለቱም አንድ ነው። ባለቤቴ በመስታወቱ እያየው፣ "ብራዘር፣ የኮንዳክተር ሥራ እንዴት ነው?" አለው።

"ደስ ይላል። ግን መቆም ይበዛዋል።"

"መቆሙማ የታወቀ ነው። ሰዉስ አያስቸግርም?"

"አንዳንዱ በሰዓቱ አይገባም" አለ ሰውዬው፣ ስለ ሙዚቀኞቹ ማለቱ ነው።

"በሩ ሊዘጋ ነው ብለህ ማስጠንቀቅ ነው።"

ይህ ምክር ለሰውዬው አዲስ ሆነበት። "አንዳንዱ ደግሞ ሳይደርስ ይወጣል" አለ።

"እሱን ተወው፣ ይውረድ። ሳይከፍሉ የሚገቡስ አሉ?"

"እነሱማ በየአገሩ አሉ።"

ባለቤቴ በጣም ተስማምተው እንደነበር ነው የሚናገረው። ሰውዬው ደግሞ የሚኒሶታ ሰው ስለ ሙዚቃ ያለው አመለካከት ለየት ያለ ነው ብሎ አስቦ እንደነበር ለአክስቱ ነግሯቸዋል።

በሩን ስከፍት ቼሎው ቀድሞ ገባ፤ ሰውዬው ተከተለ። ረጅም፣ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ያን ያህል የተከበረ ሰው ስለሆነ "እሳቸው" እያልኩ ላወራ አስቤ ነበር። ነገር ግን እማማ ገና ሳይስሙት "ማበጠሪያ የለህም?" ብለው እጁን እንዲታጠብ ወደ መታጠቢያ ቤት ላኩት። እሱም አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ሳይ "እሱ" ሆኖብኝ ቀረ።

ጠረጴዛ ላይ በአገራቸው ቋንቋ ሊያወራ ሲጀምር እማማ ከለከሉት። "በእንግሊዝኛ ተናገር። ምስክሬ ትስማ" አሉ። ምስክሯ እኔ ነኝ። ከዚያ ታሪኩን ራሱ ባለታሪኩ ፊት ይተርኩ ጀመር፤ እሱም አንዱን ድንች ጨርሶ ሁለተኛውን ያነሳል። ውድድሩ ጋ ሲደርሱ ሹካውን አስቀመጠ። በውድድሩ ቀን የቼሎው ክር ተበጥሶበት ነበር።

"አክስቴ፣ እሱ እኮ የተበጠሰው መለማመጃ ክፍል ነው። ቀይሬው ነው የገባሁት" አለ።

"መድረክ ላይ ነው።"

"መድረክ ላይ ነው" አልኩ እኔም ሾርባ እየጨመርኩለት። "በሦስቱ ክር ነው የጨረሱት። አንዷ ዳኛ መነጽሯን አውልቃ አልቅሳለች።"

ዞር ብሎ አየኝ። "እርስዎ ደግሞ ይሄን ከየት አወቁ?"

"ትናንት ሰማሁ። ከትናንት በስቲያም ሰምቻለሁ።"

"እኔ እዚያው ነበርኩ እኮ!"

"አንተማ ዓይንህን ጨፍነህ ነው የምትጫወተው" አሉ እማማ። "ምን ታያለህ?"

ወደ እኔ አየ፣ ወደ አክስቱ አየ። ብቻውን መሆኑ ገባው መሰለኝ። "እሺ፣ መድረክ ላይ ነው" ብሎ ሹካውን አነሳ። ስለ በሬው ሥጋ ግን አንድም ቃል አልተናገረም።

ከምሳ በኋላ ምድር ቤት ባለው የጋራ ሳሎን ለነዋሪዎቹ እንደሚጫወት እማማ ለሕንፃው ሁሉ ቃል ገብተው ነበር፤ ለእሱ ብቻ አልነገሩትም። የረሱት ሌላም ነገር ነበር። ዓርብ ከምሳ በኋላ ሳሎኑ የቢንጎ ነው። ዊልቸራቸውን እየገፋሁ፣ እሱ ቼሎውን ተሸክሞ ስንደርስ ቢንጎ ተጫዋቾቹ ካርዳቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ቁጥር የሚጠራው፣ ጡረታ የወጣ ቁመተ ረጅም ጎረቤት፣ በትሕትና ግን ፍንክች ሳይል "ጨዋታው ተጀምሯል" አለ። እማማ ይህ ሰው ማን እንደሆነ ከደም ግፊቱ ምዕራፍ ጀምረው ሊያስረዱ ሲሉ ቼሎ ተጫዋቹ ራሱ አስታረቀ።

"እናንተ ተጫወቱ፣ እኔም እጫወታለሁ" አላቸው።

በዚህ ተስማሙ። ቁጥር ይጠራል፣ ሰዉ ካርዱ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ በመሃል ቼሎው ያዜማል። መጀመሪያ ነገሩ ተቀላቅሎብን ነበር። በኋላ ግን ቁጥር ጠሪው ሳያውቀው ድምፁን ከቼሎው ጋር ማስማማት ጀመረ፤ "ቢ... ሰባት" ሲል ጎርነን አድርጎ፣ ሳብ አድርጎ። ቀስ ያለ፣ ሆድ የሚያባባ ዜማ ላይ ሲደርስ ሳሎኑ ጸጥ አለ። እኔም መሃረብ ፍለጋ ኪሴ ገባሁ። በዚያች ቅጽበት አንዲት ሚጢጢ አሮጊት ከጥግ ተነስተው "ቢንጎ!" አሉ።

ሰውዬው ደጋኑን አንስቶ አቆመ። ካርዳቸው ተጣራ። ትክክል ነበር። ሽልማቱ አንድ ሣጥን ቸኮላት ነው፤ እሱ ራሱ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ሰጣቸውና ሰዉ ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። እማማ ዊልቸራቸው ላይ ቀና ብለው፣ "አየሽ? እንደ ቶኪዮ ቆሙ" አሉኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ኮንሰርቱ ሄድን፤ ባለቤቴ የዒድ ሱፉን ለብሶ፣ እማማ ዕንቋቸውን አድርገው። ዊልቸር የሚቆምበት ቦታ ከመድረኩ ብዙም አይርቅም። ሙዚቀኞቹ ገብተው ተቀመጡ፣ መሣሪያቸውን አስማሙ፣ ከዚያ የእኛ ሰውዬ ጅራታም ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ወጣ። ቼሎ አልያዘም። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እጅ ነስቶ ጀርባውን ሰጠን። ዘንጓን አነሳ። የሰው ትንፋሽ እስኪሰማ ድረስ ጸጥ አለ።

እማማ በሊቱዌኒያ ቋንቋ ጮክ ብለው አንድ ነገር ጠየቁት።

ዘንጓ አየር ላይ ቆመች። ቫዮሊን የያዙት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ እኛ ዞሩ። እኔ ወንበሬ ሥር መግባት አማረኝ። እሱም ቀስ ብሎ ዞረና ለአክስቱ በቋንቋቸው መለሰላቸው፤ ከዚያ ለሕዝቡ በእንግሊዝኛ፣ "አክስቴ ናቸው። ቼሎህ የት አለ እያሉኝ ነው። ከዕረፍት በኋላ ይመጣል" አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ጭብጨባው ከመጀመሪያውም ባሰ። እማማ እጃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ፈቀዱለት። ጀመረ።

ባለቤቴ ብዙ ቆይቶ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። "ይሄ ነው እንዴ ኮንዳክተር?"

"አዎ።"

"ባቡሩስ?"

"የምን ባቡር?"

ቀና ብዬ ሳየው ጆሮው ቀልቶ ነበር። "በሩ ሊዘጋ ነው በላቸው ያልኩትስ?" አለ ለራሱ። "ሳይከፍሉ የሚገቡስ አሉ ወይ አልኩት፤ ያ አላህ!" ሳቄን ለማፈን ሻርፔን አፌ ውስጥ ከተትኩ። ከኋላችን ያለች ሴት "ሽሽ" አለችን።

ከዕረፍት በኋላ ቼሎው መጣ። ሰውዬው ሙዚቀኞቹ መሃል ተቀምጦ እየተጫወተ፣ በአገጩና በቅንድቡ ደግሞ ይመራቸው ነበር። ስለዚህ ሰው የማላውቀው የለም ብዬ ነበር የማስበው። የእግር ካልሲ ሲጠለቅ፣ አጃ ሲፈላ፣ ፀጉር ሲበጠር አብሬው ዓለምን ዞሬያለሁ። ቢንጎ ሳይገባበት የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው። አንዱ ዝቅ ያለ ድምፅ የወንበሬን እንጨት አልፎ ደረቴ ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ፤ እናቴ ጉንፋን ሲይዘኝ ጀርባዬን ስታሸኝ ታንጎራጉር የነበረው ትዝ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። ዞር ብዬ እማማን አየሁ። አላለቀሱም። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ነበር።

ሲያልቅ "እህስ እማማ፣ አሁን ደስ አለዎት?" አልኳቸው።

"እሱማ ጥሩ ተጫወተ" አሉ። "ግን እነዚያን ሁሉ ሰዎች ያለ ጠባቂ ይተዋቸዋል? ቢሳሳቱስ?"

ሰላምታ የሚፈልገው ሰልፍ ረጅም ነበር። እማማ ለወንድማቸው ልጅ አልሰለፍም ብለው ኮሪደር ላይ ጠበቅነው። ጅራታም ኮቱን እንደለበሰ፣ ሳጥኑን ተሸክሞ መጣና አራታችን ወደ ባለፎቁ ፓርኪንግ ሄድን። ባለቤቴ ሊፍቱ ውስጥ የፎቆቹን ቁጥር ሁሉ ሲያይ ቆየ።

"የትኛው ፎቅ ነበር?" አለኝ።

"አንተ ነህ ያቆምከው!"

"ምልክቱ ሰማያዊ ነበር።"

አራተኛ ፎቅ ወጣን፤ የለም። ሦስተኛ ወረድን፤ ሁሉም ሚኒቫን ነው፣ የእኛ ግን የለም። በየፎቁ ብርዱ ይጋረፋል። ባለቤቴ የመኪናውን ሪሞት እየተጫነ ከፊት ይሮጣል፣ እኔ ዊልቸሩን እገፋለሁ፣ ሰውዬው ቼሎውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዛወረ፣ የኮቱን ጅራት ነፋስ እያውለበለበው ይከተለናል። ከኮንሰርቱ የወጡ ሰዎች በመኪናቸው እያለፉ በመስኮት "ብራቮ!" ይሉታል። እሱም እጅ ይነሳል። አንዳቸውም ግን ልሸኝህ አላሉትም።

እማማ በመጨረሻ እጃቸውን ዘረጉ። "አምጣው፣ እኔ ልያዝልህ።"

ሰውዬው አመነታ። ያ ቼሎ አውሮፕላን ላይ የራሱ ወንበር ያለው፣ ሂተር የሚበራለት ዕቃ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሳጥኑን እግራቸው መሃል አቆመላቸውና ትከሻቸው ላይ አስደገፈው። እማማ በሁለት እጃቸው አቀፉት። ሳጥኑ ፊታቸውን ሸፈነው፤ ከኋላ የሚታየው ነጭ ፀጉራቸው ብቻ ነበር።

"ቀላል ነው እንዴ!" የሚል ድምፅ ከሳጥኑ ጀርባ መጣ። "ይሄን ይዘህ ነው በየስልኩ ደከመኝ የምትለኝ?"

ሰውዬው የኮንክሪቱ ምሰሶ ላይ ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ እኔን ገለል አደረገና ዊልቸሩን ራሱ ይገፋ ጀመር። ሁለት ፎቅ ወርደን የሚኒቫናችን ጥሩምባ ከሩቅ ሲጮህ ሰማን፤ ባለቤቴም "አገኘሁት! አገኘሁት!" እያለ ሁለት እጁን እያወዛወዘ ወደ እኛ ሮጠ።